የረገፈ አርማታ ተመልሶ እንዳይረግፍ አድርጎ የመጠገን አሠራር

ጥያቄው በየጊዜው ይደርሰኛል፤ አነጋገሩ ይለያይ እንጂ ጉዳዩ አንድ ነው። «ከበረንዳው ሥር ኮንክሪቱ ረግፎ ፌሮው ታየ። በሲሚንቶ አስደፈንነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያው ቦታ እንደገና ተሰነጠቀ። የከዳን ሲሚንቶው ነው ወይስ ሠራተኛው?» ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶው ምንም አላጠፋም። ሠራተኛውም ቢሆን «ድፈንልን» ተብሎ የደፈነ ሰው ነው።

በቅርቡ እንዲህ የተጠገነ አንድ የበረንዳ ጠርዝ በቁልፍ ጫፍ ጎነጥ አደረግሁት። መዳፍ የሚያህለው ልጥፍ እንደ ድስት ክዳን ሙሉውን ተነሥቶ እጄ ላይ ቀረ። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ጠርዙ ላይ የአሮጌ ቀለም ቅርፊት ተጣብቆበታል፤ ሌላው ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው፤ መሃሉ ላይ የፌሮው ቅርጽ ከነመስመሮቹ በቡናማ ዝገት ታትሟል። ልጥፉ ራሱ ድንጋይ ሆኖ ጠንክሯል፤ የያዘው ነገር ግን አልነበረም። ይህ መመሪያ የሚነግርዎ ልጥፉ የሚይዘው ነገር እንዴት እንደሚዘጋጅለት ነው።

ምክንያቱን ካወቁ ደረጃዎቹን መዝለል አያምርዎትም። ጤነኛ ኮንክሪት ውስጡ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ ይህ የሚለካበት የፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ በፌሮው ዙሪያ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይፈጠርና ብረቱ ከዝገት ይጠበቃል። ዓመታት ሲያልፉ ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልካላይነቱን ከላይ ወደ ውስጥ እየበላ ይሄዳል፤ ፒኤቹ ከ9 ገደማ በታች ሲወርድ ሽፋኑ ይጠፋል። ጨው ካለ ደግሞ ይህን ሳይጠብቅ ሽፋኑን ይበሳዋል። ከዚያ በኋላ ውሃና አየር ያገኘ ብረት ይዝጋል። ዝገቱ ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታውን የሚያገኘው ኮንክሪቱን ገፍቶ በመፈንከት ነው። ከፌሮው ጀርባ ዝገት እስካለ ድረስ ፊት ለፊት የለጠፉት ሁሉ ተራውን ጠብቆ ይወድቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የትኛውን በራስዎ አይነኩም?

ይህ አሠራር ለበረንዳ ጠርዝ፣ ለመስኮት ጥላ፣ ለአጥር ቋሚ፣ ለደረጃ ጎን፣ እንዲሁም ከሶሌታ (ከወለል ወይም ከጣሪያ ኮንክሪት) ሥር በጥቂት ቦታ ለረገፈ ኮንክሪት ነው። የሚከተሉትን ካዩ መዶሻውን አስቀምጠው መሐንዲስ ይጥሩ።

- ሕንፃውን የተሸከመ ዓምድ ወይም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ላይ የደረሰ መርገፍ። ከዓምድ ላይ ኮንክሪት መፈልፈል ማለት ጭነት ተሸክሞ ከቆመ ነገር ላይ መቀነስ ማለት ነው።
- በቢም ጎን ላይ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ፣ ወይም ወደ ታች የጎበጠ ሶሌታ።
- የሳሳ ፌሮ። ይህ ብዙ ሰው የሚያቃልለው ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ዝገቱ ተጠርጎ ሲለካ 10.5 ከሆነ የቀነሰው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ይመስላል፤ ጭነት የሚሸከመው የክብ ገጹ ስፋት ግን በ23 በመቶ ቀንሷል።
- ቀድሞ የተወጠረ የብረት ገመድ ያለበት ኮንክሪት። ይህ ፈጽሞ አይነካም፤ የታመቀው ኃይል ሲለቀቅ ሰው ይገድላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግማሽ ኪሎ የሚያህል መዶሻ ለማንኳኳት፣ ጠመኔ ለማስመር
- ግራይንደር ከኮንክሪት መቁረጫ ዲስክ ጋር
- መሮና ባለ 2 ኪሎ መዶሻ፣ ወይም በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ መፈልፈያ
- የሽቦ ብሩሽ፣ ለግራይንደር የሚገጠመው ዓይነት ቢጨመር ይመረጣል
- የፌሮ ውፍረት መለኪያ ካሊፐር
- 1 በመቶ የፌኖልፍታሊን ፈሳሽ (አልካላይን ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ መመርመሪያ) በመርጫ ጠርሙስ
- መጓጎል ያልጀመረ አዲስ ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ፣ የሚጠጣ ዓይነት ንጹሕ ውሃ
- ለሲሚንቶ የሚሆን ላቴክስ (በገበያ ኤስቢአር የሚባለው)
- ለፌሮ የሚቀባ፣ ዚንክ ወይም ሲሚንቶ ያለበት የዝገት መከላከያ
- ጆንያና የፕላስቲክ ሸራ
- የዓይን መነጽር፣ የጎማ ጓንት፣ የራስ ቆብ፣ የጆሮ መከላከያ፣ ጥሩ የአቧራ ጭምብል

ስለ ጭምብሉ አንድ ቃል ልጨምር። ኮንክሪት ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሲሊካ ስላለበት ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል። ሻሽ ወይም ተራ የጨርቅ መሸፈኛ አያቆመውም። ቦታውን ውሃ እየረጩ መሥራት ይረዳል፤ ያን ጊዜ ግን የኤሌክትሪክ ገመዱንና መሣሪያውን ከውሃ ይጠብቁ። እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚሰማው ዘግይቶ ስለሆነ ጓንቱን «አልተሰማኝም» ብለው አያውልቁ።

አሠራሩ

1. ውሃው ከየት እንደሚመጣ ያግኙ።

የተሰበረ አሸንዳ፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ ከላይ የተሰነጠቀ ሊሾ፣ ተዳፋቱ ወደ ግድግዳ የሆነ በረንዳ፦ አንዱን ሳያገኙት አይቀሩም። መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። ዝገት ያለ ውሃ አይሠራም፤ ውሃው ከቀጠለ ዛሬ የሚጠግኑት ቦታ ቢተርፍ እንኳ ጎረቤቱ ይረግፋል።

2. አንኳኩተው ያስምሩ።

ዓይን የሚያየው የረገፈውን ብቻ ነው። ሊረግፍ የተዘጋጀውን የሚያገኘው ጆሮ ነው። ከረገፈው ቦታ ጀምረው ወደ ውጭ በየመዳፉ ርቀት በትንሹ መዶሻ ያንኳኩ። ጤነኛው ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥና መዶሻውን ያነጥረዋል። ከውስጥ የተላቀቀው እንደ ባዶ ጣሳ «ዶም» ይላል፤ መዶሻውም አይነጥርም። ድምፁ የሚለወጥበትን መስመር በጠመኔ ይከተሉ። መጀመሪያ ካሰቡት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ስፋት ቢወጣ አይደንግጡ፤ ያልተገኘው ነው የሚያስደነግጠው።

3. ይደግፉ፣ ከሥር ሰው ያርቁ።

ከሶሌታ ወይም ከበረንዳ ሥር የሚሠሩ ከሆነ ከመፈልፈልዎ በፊት መደገፊያ ያቁሙ፣ አካባቢውን ይዝጉ። በትንሽ ምት እንደ ሰሐን የሚወርድ ቁራጭ ሃያ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። በቀጥታ ከጭንቅላትዎ በላይ አይምቱ፤ ቁራጩ የሚወድቅበትን አይተው ከጎን ይቁሙ።

4. ዙሪያውን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ።

ከጠመኔው መስመር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጤነኛው ገብተው በግራይንደር አራት ማዕዘን ቅርጽ ይቁረጡ፤ ጥልቀቱ 10 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ፌሮው ላይ ላዩን የሚሄድ ከሆነ ጥልቀቱን ይቀንሱ፤ ፌሮ የነካ ዲስክ ከጥገናው በላይ ጉዳት ያደርሳል። ጠርዝ መቁረጥ ለውበት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ሞርታር (የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ ድብልቅ) ወደ ጠርዙ እየሳሳ ሄዶ እንደ ወረቀት ሲያልቅ ያ ስስ ጫፍ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይነሣል፤ ውሃ የሚገባውም በዚያ ነው። ቀጥ ያለ ጠርዝ ልጥፉ እስከ ዳር ድረስ ውፍረት እንዲኖረው ያደርጋል።

5. ከፌሮው ጀርባ ድረስ ይፈልፍሉ።

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ። ብዙው ጥገና የሚከሽፈው ፌሮው እንደታየ መሮው ስለሚቆም ነው። የፌሮው ፊት ይጸዳል፣ ይቀባል፣ ያምራል፤ ጀርባው ግን በዝገትና በታመመ ኮንክሪት እንደታቀፈ ይቀራል። አዲሱ ሞርታርም የሚጣበቀው በፌሮው ፊት ብቻ ይሆናል።

ከፌሮው ጀርባ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ክፍተት እስኪኖር ይፈልፍሉ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ጣትዎ በፌሮው ዙሪያ ያለችግር መዞር አለበት። በርዝመቱም ፌሮውን ይከተሉት። ዝገቱ አልቆ ንጹሕ ብረት ከታየ በኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምረው ያቁሙ። ዝገቱ በጠመኔው መስመር ላይ ካላበቃ መስመሩ ነው የሚሰፋው።

ትልቅ መሰባበሪያ ማሽን አያምጡ። ፈጣን ነው፤ ግን ከሥር የሚቀረውን ጤነኛ ኮንክሪት በዓይን በማይታዩ ስንጥቆች ይሞላዋል፣ ፌሮውንም አንቀጥቅጦ ካልታመመው ክፍል ያላቅቀዋል። ትንሹ መፈልፈያ ይበቃል፤ መጨረሻውን በእጅ መሮ ይጨርሱ።

እዚህ ላይ ፌኖልፍታሊኑን ያውጡ። አቧራው በደረቁ ተጠርጎ ገና አሁን በተሰበረው ገጽ ላይ ይርጩ። ደማቅ ሐምራዊ ሮዝ ከሆነ ኮንክሪቱ አሁንም አልካላይን ነው፣ ፌሮውን ይጠብቃል። ቀለሙ ካልተለወጠ መከላከያው አልቋል። ቀለም የለሹ ክፍል ከፌሮው አልፎ ከገባ ያልረገፈውም ቦታ ተራ እየጠበቀ ነውና ጥገናው ሲያልቅ ገጹን በሙሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚከላከል ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ምርመራው ስለ ጨው አይናገርም። ቤቱ የባሕር ነፋስ የሚደርሰው ከሆነ፣ ወይም ሲሠራ ጨው ያለበት አሸዋ ገብቶበት ከሆነ፣ የተጠገነው ቦታ ደኅና ሆኖ ልክ ከጎኑ ያለው ፌሮ በፍጥነት መዛግ ይጀምራል፤ ጨው ያለበትን ቤት በልጥፍ ብቻ መጠገን አይቻልም፣ ባለሙያ ይጥሩ።

6. ፌሮውን ያጽዱ፣ ይለኩ፣ ይቅቡ።

በሽቦ ብሩሽ ዙሪያውን፣ ጀርባውን ጭምር፣ የብረቱ መልክ እስኪታይ ይፈግፍጉ። ለጀርባው ጠባብ ብሩሽ ወይም ሁለት ሰው እየተቀባበለ የሚስበው የአሸዋ ወረቀት ጥብጣብ ይመቻል። ከዚያ በጣም የሳሳበትን ቦታ በካሊፐር ይለኩ። ከላይ የሰጠሁትን የ12 ሚሊ ሜትር ምሳሌ ያስታውሱ፤ ከስፋቱ አንድ አምስተኛው ከሄደ ተጨማሪ ፌሮ ያስፈልጋል፣ ርዝመቱንና አስተሳሰሩን መሐንዲስ ይወስን።

የጸዳ ብረት ሌሊቱን ካደረ መልሶ ይዝጋል፤ የዝገት መከላከያውን በዚያው ቀን ይቅቡ። ሲቀቡ ኮንክሪቱ ላይ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፤ የፈሰሰበት ቦታ ሞርታር አይይዝም።

7. ያጥቡ፣ ያጥግቡ፣ ያጠንፍፉ።

አቧራውን በውሃ ግፊት ወይም በብሩሽና በውሃ ያጥቡ። በሥራው ዋዜማ ገጹን ደጋግመው ያርጥቡት፤ እርጥብ ጆንያ አስደግፎ ማሳደር ይመረጣል። ጠዋት ሲመጡ ኮንክሪቱ የጠቆረ፣ ግን ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ውሃ የሌለው መሆን አለበት። ደረቅ ኮንክሪት የሞርታሩን ውሃ መጥጦ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ያስቀረዋል። ውሃ የቋጠረ ገጽ ደግሞ መያዣው ላይ ሲሚንቶውን ያቀጥነዋል።

የአስፋልት ጉድጓድ ጠግነው የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። እዚያ ጉድጓዱ ጠርዙ ቀጥ ተደርጎ ከተቆረጠ በኋላ ጨርሶ መድረቅ አለበት፤ የአስፋልቱ ማሰሪያ ቢቱመን እርጥብ ድንጋይ ላይ አይጣበቅምና ያልደረቀ ጉድጓድ ላይ የተጠቀጠቀ አስፋልት በመኪና ጎማ ይነቀላል። ሲሚንቶ ግን ውሃ የሚፈልግ ማሰሪያ ነው። ጠርዙን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ለሁለቱም አንድ ነው፤ እርጥበቱ ግን ተቃራኒ ነው።

8. ማያያዣውን ቀብተው ወዲያው ይለጥፉ።

በመጀመሪያ ሞርታሩን ያዘጋጁ፣ ማያያዣው ቀጥሎ ይመጣል። በመጠን 1 እጅ ሲሚንቶ ከ2 እጅ ተኩል አሸዋ ጋር በደረቁ መልኩ አንድ እስኪሆን ያደባልቁ። ለ10 ኪሎ ሲሚንቶ የሚገባው ውሃ ከ4 ሊትር ተኩል መብለጥ የለበትም፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚህም ይቀንሳል። በጓንት እጅዎ ጭብጥ ያድርጉት፦ ቅርጹን ይዞ ከቆየና በጣቶችዎ መካከል ውሃ ካልወጣ ልክ ነው። ተጨማሪ ውሃ ሥራውን ያቀላል፤ ሲደርቅ የውሃው ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም መልሶ የሚገባው በዚያ ነው። በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ያህል ብቻ ያደባልቁ። መጠንከር የጀመረውን ውሃ ጨምረው አያለስልሱት።

ለማያያዣው ሲሚንቶና ላቴክስ በላቴክሱ ዕቃ ላይ በተጻፈው መጠን እንደ ወፍራም ቀለም አድርገው በጥብጠው በጠንካራ ብሩሽ ገጹ ላይ እያሹ ይቅቡ። ሞርታሩ ማያያዣው ሳይደርቅ መለጠፍ አለበት። ከደረቀ ከማያያዝ ይልቅ ይለያያል፤ ፈግፍገው አንሥተው እንደገና ይቅቡ። በፋብሪካ የተዘጋጀ የጥገና ሞርታር ከገዙ የከረጢቱ መመሪያ ከእኔ ቃል ይቀድማል።

የመጀመሪያውን እፍኝ ከፌሮው ጀርባ ይጠቅጥቁ። በማንኪያ ሳይሆን በጓንት እጅና በእንጨት ቁራጭ ይሻላል፤ ከፌሮው ጀርባ የሚቀር ክፍተት የውሃ ማከማቻ ነው። ከዚያ በንብርብር ይሂዱ። ከራስ በላይ በሚሠራ ቦታ አንዱ ንብርብር ከ20 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ በክብደቱ ይንሸራተትና በጀርባው ባዶ ይፈጥራል። ገና ሳይጠነክር ላዩን በምስማር ጫፍ ይጫጭሩት፣ ሲጠጥር ቀጣዩን ይጨምሩ። ቦታው በስፋቱ ሁሉ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ጥልቅ ከሆነ ሞርታሩን ይተዉት፤ በጣውላ ቅርጽ ዘግተው ጠጠሩ ከ10 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ኮንክሪት ይሙሉ።

የመጨረሻው ገጽ ከፌሮው ፊት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ድሮ ያለ በቂ ሽፋን የተቀመጠ ፌሮ ከሆነ ጥገናው ከግድግዳው ትንሽ ጎልቶ ቢወጣ ይሻላል። አያምርም፤ ግን ይቆያል። የበረንዳ ጠርዝ ከሆነ ከሥሩ፣ ከጫፉ ገባ ብሎ፣ በቀጭን እንጨት አንድ ቦይ ያትሙበት፤ ውሃው እየተሳበ ወደ ውስጥ ከመሄድ ይልቅ እዚያ ደርሶ ይንጠባጠባል። ቦዩ ግን ከፌሮው ላይ ያለውን ሽፋን እንዳይቀንስ ይጠንቀቁ።

9. ለ7 ቀን እርጥበቱን ይጠብቁ።

ላዩ በጣት ሲነካ እንደጠጠረ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው በላዩ ፕላስቲክ ያልብሱት። ጆንያው በእነዚህ 7 ቀናት አንድ ጊዜም መድረቅ የለበትም። ቀን እያጠጡ ሌሊት ማድረቅ ሞርታሩን ደጋግሞ እያኮማተረ ከጠርዙ ያላቅቀዋል። ሞርታሩ ውስጥ ራሱ ላቴክስ ከጨመሩ ግን 2 ቀን አርጥበው ከዚያ ይግለጡት፤ ላቴክሱ ለመጠንከር መድረቅ ይፈልጋል። ቀትር ላይ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታ ከሆነ ልጠፋውን ወደ ማለዳ ወይም ወደ አመሻሽ ያዙሩት፤ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ አይሥሩ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ጂፕሰም። በደቂቃ ስለሚይዝ ይወደዳል። እርጥበት ባለበት ቦታ ግን ብረቱን ያዝገዋል፣ ውስጡ ያለው ሰልፌትም ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ እያበጠ ያፈርሰዋል። ከአርማታ አጠገብ አይድረስ።

ነጭ የእንጨት ማጣበቂያን በላቴክስ ምትክ መጠቀም። ውሃ ሲነካው መልሶ ይለሰልሳል፤ ልጥፉም በመጀመሪያው ዝናብ ይለቃል።

ሲሚንቶ ማብዛት። አንድ ለአንድ የተደባለቀ ሞርታር ጠንካራ ቢሆንም በጣም ይኮማተራል፣ በዙሪያው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ላዩ ረጠበ ብሎ ደረቅ ሲሚንቶ መነስነስም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የተነሰነሰው እንደ ቅርፊት ይላጣል።

ቶሎ እንዲይዝ ካልሲየም ክሎራይድ ያለበት ማፋጠኛ መጨመር። ክሎራይድ ማለት ከላይ ያስጠነቀቅኩት ጨው ነው፤ በገዛ እጅ መጨመር ነው የሚሆነው።

ዝገት ያለበትን ስንጥቅ በቀለም መሸፈን። ቡናማው መስመር ለጥቂት ወራት ይጠፋል፤ ውስጡ ያለው ሥራውን አያቆምም፣ እርስዎም ምልክቱን ያጣሉ።

ከ28 ቀን በኋላ

ያንኑ ትንሽ መዶሻ ይዘው ይመለሱና ልጥፉን ከመሃል ወደ ዳር ያንኳኩ። ድምፁ ከአሮጌው ጤነኛ ኮንክሪት ጋር አንድ መሆን አለበት። ዳር ላይ «ዶም» ካለ ያ ክፍል አልያዘም፤ ተቆርጦ ይወጣል፣ ከደረጃ 7 ጀምሮ ይደገማል። ድምፁ ደኅና ሆኖ ዙሪያውን ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ካዩ ለስንጥቅ በሚሆን ፈሳሽ ማሸጊያ ይዝጉት። ቀለም የሚቀባው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው። መደገፊያ ካቆሙም የሚነሣው አሁን ነው።

የጥገናውን ቀንና ቦታ ከፎቶግራፍ ጋር መዝግበው ያስቀምጡ፤ ከተቻለ ፌሮው ተገልጦ ሳለ የተነሣው ፎቶግራፍ ይኑርበት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ እንዳለፈ፣ ከልጥፉ ውጭ ያለውን አንድ ክንድ ያህል ዙሪያ ያንኳኩ። አዲስ የሚጀምር ካለ የሚጀምረው እዚያ ነው።